በክረምት መውጫ ፀሐይ ስለ መሞቅ

ፀሐይ መሞቅ ማለት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው የሚያካሂዱት ወቅታዊ መዝናኛ ነው። በደብረ ታቦር ከተማና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋዎች በሰፊው ይዘወተራል። የሚያዘወትሩት ሰዎች ግን መዝናኛ መሆኑን አያምኑም። «ምን እየሠሩ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ «ምን እሠራለሁ፤ እንዲያው ተቀምጫለሁ» የሚል ነው። ሙያው እስከ ዛሬ ሳይጠና የቀረው በዚህ መልስ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

ወቅቱን መወሰን ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ሽማግሌዎቹ በሌላው ነገር ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን የሚታዘዙ ሲሆኑ በዚህ ግን የራሳቸውን ፍርድ ይከተላሉ፤ በእነሱ ዘንድ ክረምት የሚወጣው ነሐሴ 13፣ በቡሄ ዕለት ነው። በዓሉ ደብረ ታቦር፣ ከተማውም ደብረ ታቦር ስለሆነ በጉዳዩ ላይ የመጨረሻው ቃል የአገሬው ነው ተብሎ ይታመናል። ከቡሄ በኋላ የሚጥል ዝናብ እንደ ዝናብ አይቆጠርም፤ ክረምቱ ሲሄድ ረስቶት የቀረ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ነሐሴ 20 ቀን በረዶ ሲወርድ «ክረምቱማ ወጣ» ያሉት ሰው ራሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ሲሮጡ ይታያሉ። ሩጫው የመዝናኛው አካል ነው ወይስ አይደለም የሚለው እስካሁን አልተቋጨም።

ቦታ መምረጥ ከሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ይጠይቃል። ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሐምሌ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ታልፋለች። ነሐሴ 16 አካባቢ ቀጥ ብላ መሐል አናት ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ቀን ነው፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር የሚገባውና ሆዱ ከወጥ ጋር የሚታረቀው በአንድ ሰሞን ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያሰላ ሽማግሌ የለም። ሆኖም ግድግዳ ሲመርጥ የተሳሳተ አልታየም። ከሰዓት በኋላ ጉና ደመና ስለሚቋጥር ዋናው ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ነው፤ ተፈላጊውም ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ዘግይቶ ይሞቃል፤ ዘግይቶ ግን ይቀዘቅዛል። ጭቃ ግድግዳ መልካም ነው፤ ቀለሙ ግን ጋቢ ላይ ይቀራል። የቆርቆሮ አጥር ቶሎ ይጋላል፣ ቶሎ ይክዳል፤ ቆርቆሮ የሚደገፍ ሰው ገና ጀማሪ መሆኑ በዚሁ ይታወቃል።

መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፦ ጋቢ ወይም ቡልኮ፣ ባርኔጣ፣ ለመቀመጫ አጎዛ ወይም የለሰለሰ ድንጋይ፣ እና ከዘራ። ከዘራ ጉናን ለማመልከት፣ ጭቃ ላይ የመሬት ወሰን ለመሳል፣ የሰው ዶሮ ለማባረር፣ ንግግር ያቋረጠን ሰው ለማስታገስ ያገለግላል። ለመራመጃነት የሚውልበትም ጊዜ አለ።

አቀማመጡ በዕድሜ ነው። የግድግዳው መሐል ለታላቁ ይለቀቃል፤ ሌሎቹ ግራና ቀኝ እየወረዱ ይቀመጣሉ፤ ገና ስድሳ ያልሞላው ዳር ላይ ግማሽ ፀሐይ ግማሽ ጥላ ይደርሰዋል። ጥብቁ ሕግ ከፊት አለመቆም ነው። ታላቁ እስክንድር የግሪኩን ዲዮጋንስ «ምን ላድርግልህ?» ቢለው «ፀሐዬን አትከልክለኝ» ብሎ መለሰለት ይባላል፤ መልሱም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በፍልስፍና መጻሕፍት ሲነገር ኖሯል። በደብረ ታቦር ይኸው ቃል ለግብር ሰብሳቢም፣ ለልጅ ልጅም፣ ለጠፋች በግ ጠያቂም በየቀኑ ይነገራል፤ የጻፈው ግን የለም።

ከተቀመጡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ደመና ማንበብ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ ተነስተው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና የሚወርዱበት ተራራ ስለሆነ የአካባቢው ውሃ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይወሰናል። ውይይቱ በሚከተለው ዓይነት ይካሄዳል።

«ዛሬ አይጥልም።»

«ኧረ አያ፣ ጉናን አይተውታል? ተጀቡኖ የለም እንዴ!»

«ጉናን ካንተ በፊት ነው የማውቀው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲጥል፣ አያ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ሆነው «ይኼማ ካፊያ ነው» ይላሉ። ትንበያው ተሳስቶ አያውቅም የሚባለው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ታሪክ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። መድፉ በአያቱ ማሳ ያላለፈ ሽማግሌ ግን አይገኝም። ምስክርነቱ ሁሉ ቢገጣጠም መድፉ መቅደላ ከመድረሱ በፊት የፋርጣን ወረዳ ሁለቴ ዞሮ፣ አንዳንድ ቦታ አድሮ፣ በአንድ ጊዜም በሁለት አቅጣጫ ሄዷል። ይህ የምስክሮቹ ጥፋት አይደለም፤ የመድፉ ክብደት ያመጣው ነው።

ሴቶች አረጋውያንም ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ምስር ይለቅማሉ፣ የልጅ ልጅ በቅቤ አሽተው እግራቸው ላይ ያስተኛሉ። በዚህ ምክንያት ወንዶቹ ሙያተኛ አድርገው አይቆጥሯቸውም፤ ፀሐይ መሞቅ ሙሉ ትኩረት ይፈልጋል ባዮች ናቸው።

ወቅቱን የሚያውኩ ነገሮች አሉ። ዋናው ጅራፍ ነው። በቡሄ ሰሞን የሠፈር ልጆች ከጠዋት ጀምረው ሲያጮሁ ሽማግሌው እንቅልፉን ያጣል፤ የሚያማርረው ግን ስለ ጩኸቱ አይደለም። የዘንድሮ ጅራፍ አይጮህም ነው የሚለው፤ በእሱ ጊዜ የጮኸ ጅራፍ ማዶ ተራራ ደርሶ ይመለስ ነበር። ማታ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲመጡ ሙልሙሉን ሰጥቶ ምርቃቱን ይቀበላል፤ በማግስቱ ዳቦው ማነሱን የሚናገሩት ደግሞ ልጆቹ ናቸው።

ሌላው ጳጉሜ ነው። በጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ስለሆነ ከግድግዳ ሥር የሚሮጥ የለም፤ ባርኔጣ ወልቆ፣ ፊት ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ይጠበቃል። በዚህ ዕለት ብቻ ሳይጥል ቢውል ቅሬታ ይሰማል።

ከላይ የሚመጣው ሙቀት ጉልበት ውስጥ ለገባ ቁርጥማት የማይበቃ ሲሆን ከታች የሚመጣው ይፈለጋል። ለዚህ ያለው ወንዛዬ ነው፤ በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚፈልቅ ፍል ውሃ። በክረምት ጉማራ ስለሚሞላ ጉዞው ውሃው እስኪጎድል ይቆያል፤ ስለዚህ በክረምት መውጫ የሚከናወነው ወንዛዬ መሄድ ሳይሆን ወንዛዬ ለመሄድ መሰናዳት ነው። መሰናዶው ሰፊ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚወርድ፣ ስንት ቀን እንደሚነከር፣ ስንቁ ቆሎ ይሁን ድርቆሽ፣ በሶው በማን ቤት እንደሚፈጭ ለሳምንታት ይመከራል። ሐኪም የሰጠው ቅባት እስከዚያው ይቀባል፤ ከተሻለ ግን ምስጋናው ገና ላልተሄደበት ፍል ውሃ ይሆናል። አንዳንዱ ሽማግሌ ስለ ጉዞው በመምከር ብቻ ጉልበቱ ቀሎት ጉዞውን ለከርሞ ያስተላልፋል።

ፍል ውሃን ተከትሎ የወረደ ደገኛ የደብረ ታቦር ሽማግሌ ብቻ አይደለም። የእቴጌ ጣይቱ ሰፈር ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርዶ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ወንዛዬ የሚወርዱት ሰዎች ግን ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ ከተማ አልቆረቆሩም። ከእንስሳትም ወገን በጃፓን ናጋኖ አካባቢ ያሉ ጦጣዎች በበረዶ ወራት ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ይዘፈዘፋሉ። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ግን የደጋውን ልማድ ይዟል፤ ጠዋት ከገደል ወጥቶ፣ ከትከሻው የሚወርደውን ጋቢ መሰል ጸጉር አንጨፍርሮ፣ ሳይናገር ፀሐይ ይሞቃል። ከሽማግሌዎቹ የሚለየው ስለ መድፉ አለማንሳቱ ነው።

መስከረም ገብቶ አደይ ሲፈነዳ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ መዋል ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ መዝናኛው ይዳከማል። መስከረም 25 ክረምቱ በቤተ ክርስቲያንም አቆጣጠር ሲወጣ እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አጎዛቸውን አንስተው ወደ ግድግዳው ማዶ ይዞራሉ። በዚያ በኩል የሚካሄደው ጥላ መቀመጥ ይባላል፤ ሕጉም ያው ሆኖ፣ ከፊት መቆም ግን ይፈቀዳል።