የእፎይታ በረራ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ፣ የጀበና ቡና በሚሸጥባት በረንዳ ላይ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል። ድምፁ ራቅ ሲል ከስፌት ላይን ፈረቃዋን ጨርሳ የወጣች ልጅ፣ ቁራጭ ክር እጅጌዋ ላይ እንደተጣበቀ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቻርተር የሚሉት በረራ ሰዓቱ ለምንድን ነው የማይጨበጠው?» አለች።

ጡረተኛው የኤርፖርት ሰው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«መደበኛ በረራ ርስት አለው፣ ልጄ። በተጨናነቀ ኤርፖርት የተመደበለትን ሰዓት በወቅቱ ውስጥ ከመቶ 80 እጅ ከሠራበት፣ ለከርሞም ያው ሰዓት የሱ ነው። ቻርተር ግን የተከራየው ሰው ነው። ሰዓቱ ከተረፈው ላይ ይቆረስለታል። ያው አንድ አውሮፕላን ጠዋት አንድ አገር፣ ማታ ሌላ አገር ያደርሳል፤ የጠዋቱ ካረፈደ የማታውም ያመሻል። ወንበር ካልሞላ ደግሞ ሁለቱን በረራ አንድ ያደርጉታል። መንገደኛውን ማን ጠየቀው?»

«ለእንግዳው ግን ደስ ይላል!» አሉ ቀጥለው። «የእፎይታ በረራ ነዋ! ሲያርፍ ቀረጥ የለ፣ ግብር የለ፤ የእፎይታው ዘመን እስኪያልቅ ይንሸራሸራል። ነፋስ ሲዞር ሞተሩን ያስነሳል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዋሽንግተን የነፈሰው ትዝ ይልሻል? ያን ሰሞን ስንቱ ሻንጣውን አሰረ!»

«ሻንጣው ውስጥ ያለውን ሸሚዝ የሰፋነው እኛ አይደለን?»

«እናንተማ መደበኛ ናችሁ። ሰዓታችሁ በአሻራ ተይዟል። አንቺ ስታረፍጂ ‹ዘገየች› ነው፤ ቻርተሩ ሲያረፍድ ‹የአሠራር ምክንያት› ነው።»

(እኔ በበኩሌ፣ ስለ አውሮፕላን እንጂ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ ብዬ አልጠረጠርኩም።)

ቡና የምታፈላዋ ረከቦቱን እየወለወለች ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ያ በ2011 ዓ.ም. የታወጀው በረራ ቁጥር 1156ስ የት ደረሰ?»

«እሱማ ‹ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛውን ከፍታ ቦርዱ ያስታውቃል› የተባለው ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ የፈለጉትን ያህል ዝቅ ብሎ መብረር ይቻላል። ጣራ ካልነካ ማን ይከሳል?»

«ዘገየ እኮ፣ ጋሼ!»

«ተይ እንጂ! መደበኛ በረራ አይዘገይም። ገና ነው እንጂ።»