በደቂቃ 20

ነርስ ነኝ። ጨንቻ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ የፈለገችውን ያህል ብትማር «ሲስተር» ናት። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ነርስ ነኝ» እል ነበር። በኋላ ግን የጠራኝ ሰው ቅር ሲለው እያየሁ ማረሙን ተውኩት። ለእሱ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ይሄ ከጥፋቶቼ ትንሹ ነው።

ትልልቆቹን የሠራሁት አዛውንቶች ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የአዛውንት ምርመራ የሚለውን ኮርስ በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ችግሩ አዛውንቶቹ ኮርሱን አልወሰዱትም።

አንድ ቀን ከዶርዜ በኩል አንድ ሸማኔ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። የእኔ ጋሞኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ ወደ ልጁ ዞሬ «ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» አልኩ። ልጁ ጠየቃቸው። ሽማግሌው እጃቸውን እያወናጨፉ ረጅም ወሬ አወሩ። ልጁ «ደህና ነኝ ነው የሚሉት» አለኝ። በዚህ አልረካሁም፤ ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮኽኩ፦ «አባባ! የት! ያማል! የት!» እሳቸው ፊታቸውን መለስ አድርገው፣ ከእኔ በተሻለ አማርኛ፣ «ልጄ፣ ግማሽ ዕድሜዬን ሽሮ ሜዳ ሸማ ስሠራ ነው የኖርኩት። ጆሮዬም ደህና ነው። አረፍ ብለህ እንደ ሰው ጠይቀኝ» አሉኝ።

ሰው በዚህ ያፍራል። እኔ ግን ወደ ቅጹ ገባሁ፤ ያፈረ ባለሙያ መሸሸጊያው ቅጽ ነው።

መጀመሪያ የአረማመድ ፈተናው። ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ ነው፤ ፈረንጆች በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመዘኛ ሲሆን 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበት ሰው የመውደቅ ስጋት አለበት ይባላል። «ጀምሩ» አልኳቸው። ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት እናት ሲያዩ ቆሙና «እግዜር ይማርሽ» አሉ። ልጆቿ ደህና መሆናቸውን ጠየቁ። የሌላው ወረፋ ጠባቂ አባት ዘመዳቸው ኖሮ እሱም ሰላምታ ደረሰው። ሰዓቴ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም «ከፍተኛ የመውደቅ ስጋት» ብዬ ጻፍኩ። እኚያ ሽማግሌ ከምርመራው በኋላ በዚያ ጭቃ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው ቤታቸው ገብተዋል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ለበቀል የወጣውን ወጣት መመለሳቸውን አገር ያውቃል። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ ከጉልበታቸው ለመነሣት ስንት ሰከንድ እንደፈጀባቸው እመዘግብ ነበር።

ቀጥሎ የአእምሮ ፈተና። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ30 ነጥብ የሚያዝ። «ወቅቱ ምንድን ነው?» አልኩ። በመስኮት አዩ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚሆነው ጉም ግቢውን ውጦታል። «ለእናንተ በጋ ነው፤ ለእኛ ጉም» አሉ። ስህተት ብዬ ምልክት አደረግሁ። «ከመቶ ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ» ስል «የምን መቶ? ብር ነው?» አሉኝ። ብር ነው ስላቸው 93፣ 86፣ 79፣ 72፣ 65 ብለው እንደ ገበያ ሒሳብ አወረዱት። 72 ላይ ተሳስተዋል አልኳቸው፤ በእኔ ሒሳብ 71 ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሳሰላ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

እስካሁን ያወራሁት ለሳቅ ይሆናል። የሚቀጥለው አይሆንም።

አንዲት ልጅ አሮጊት እናቷን ይዛ መጣች። «ከትናንት ወዲያ እንሰት ስትፍቅ ነበር፤ ዛሬ እኔንም አላወቀችኝም» አለች። ሙቀት ለካሁ፦ 36.7። የደም ግፊቱም ደህና። የትንፋሽ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ 20 ብዬ ሞላሁ። ነርስ የሆነ ሰው ይሄን ሲያነብ አንገቱን ይደፋል፤ ትንፋሽ ለመቁጠር ሙሉ ደቂቃ ያስፈልጋል፣ ደቂቃ ደግሞ የለንም። ስለዚህ የተኛው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ በደቂቃ 20 ይተነፍሳል። ለልጅቷም «ዕድሜ ነው፤ አይዞሽ» አልኳት።

ማታ ተረኛ የሆነችው ሲስተር ገብታ እጇን የእናትየው ደረት ላይ አሳረፈች፤ ሰዓቷን ሙሉ ደቂቃ አየች። 32። ቻርቱን ገልጣ «ይሄ 20 የማን ነው?» አለችኝ። ሳንባ ምች ነበር። በአዛውንት ላይ ሳንባ ምች ያለ ትኩሳት፣ አንዳንዴም ያለ ሳል ይመጣል፤ የመጀመሪያ ምልክቱ ድንገት መዘባረቅ፣ ምግብ መተው ወይም መውደቅ ሊሆን ይችላል። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የተለወጠ አዛውንት ግን ታሟል፤ ኢንፌክሽን ነው፣ የውሃ እጥረት ነው፣ አዲስ የጀመረው መድኃኒት ነው ተብሎ መፈለግ አለበት። ይሄን ፈተና ላይ ተጠይቄ በትክክል መልሼዋለሁ።

እናትየው መድኃኒት ተጀምሮላቸው ዳኑ። ልጃቸውን በስሟ ጠርተው የእንሰቱ ሥራ የት እንደደረሰ ሲጠይቋት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነገሩን ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ሽማግሌው አፋቸው እየተናገረ የልጅ ልጃቸውን ጠየቅሁ፤ እናትየው መናገር ሲያቅታቸው ልጃቸውን አልሰማሁም። ሁለቴም የሚያውቀውን ሰው ትቼ ቅጹን አመንኩ።

ስለዚህ አዛውንት ይዛችሁ ለምትመጡ አስታማሚዎች አንድ ልመና አለኝ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። መነጽራቸውንና ምርኩዛቸውን ቤት አትተዉ። መናገር ከቻሉ አትናገሩላቸው። ካልቻሉ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጡ ንገሩን፤ «ዕድሜ ነው» ካልናችሁም አትሂዱ። ትንፋሻቸውን ቆጥረህ ነው ወይ ብላችሁ ነርሱን ጠይቁት፤ እኔ ከሆንኩ ደግሞ ሁለቴ ጠይቁኝ።