ማር መሪዋ እና የኤሊ ኤላ

ተረት ተረት። የመሠረት።

በሜጋና በዱብሉቅ መካከል ባለው ደረቅ ሜዳ አንዲት ማር መሪ ወፍ ነበረች። ሥራዋ የታወቀ ነው። ማር ፈላጊ ሲያፏጭላት ከግራር ወደ ግራር እየዘለለች ንቦቹ ድረስ ታደርሰዋለች፤ እሱ ማሩን ይወስዳል፣ ሰሙን ለእሷ ይተውላታል። እዚህ ድረስ ተረት አይደለም፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ኬንያ ባሉ ቦረናዎች ዘንድ ተለክቶ በ1989 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ማር ፈላጊው በማያውቀው አገር፣ ወፍ ሳይመራው፣ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ወፏ ስትመራ ግን 3 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው።

ተረቱ የሚጀምረው በድርቁ ዘመን ነው። እንስሳቱ ማሩን ረስተው "እመት ማር መሪ፣ ውሃ ምሪን" አሏት። እሷም እሺ አለች።

የዚያ አገር የኤላ፣ ማለት የጥልቁ ውሃ ጉድጓድ፣ ሕግ አጭር ነበር፦ የጠጣ ደለል ያወጣል። ጠጪዎች መሰላሉ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ኦኮሌ የተባለውን መቅጃ እየተቀባበሉ ውሃውን ያወጣሉ፤ ሲጠጡ ደግሞ ጭቃውን ይዝቃሉ። እንግዳ ያልረገጠው ኤላ በሁለት ዝናብ ይደፈናል። ስለዚህ ባለኤላ ሁሉ እንግዳ ይወድ ነበር።

ወፏ የኤላውን ሁሉ ውሃ ቀምሳ አትዘልቀውምና ብልሃት ፈጠረች። ከላይ ሆና ዱካ ትቆጥራለች። ብዙ ኮቴ ያመራበት ኤላ መልካም ውሃ አለው፤ ሁሉ የሚያከብራት ያረጀች ላም የረገጠችው ዱካ ደግሞ ከግልገል ዱካ አሥር እጥፍ ይታሰባል። ብልሃቱ ሠራ። አያ ኤሊ ከአባቱ የወረሰው ጥልቅ ኤላ አንደኛ ወጣ፤ ከሞያሌ መንገድ ሳይቀር ግመል መጣለት።

ይህን አያ ቀበሮ አየ። ሜጋ ገበያ ጥግ ላይ ጆንያ ዘርግቶ ዱካ መሸጥ ጀመረ። የሞተ አህያ ኮቴ እንጨት ላይ ሰክቶ ሌሊቱን ሲረግጥ ያድራል፤ ደንበኛው ጠዋት ከኤላው አፍ የሺህ አህያ ዱካ ያገኛል። መጀመሪያ የገዛው አያ ጅቦ ነው። የአያ ጅቦ ኤላ ውሃ ኖሮት አያውቅም፤ በሦስት ሌሊት አንደኛ ሆነ። የተጠሙ ፍየሎች ተመርተው ሄዱ። አንዳንዶቹ ተመለሱ።

ወፏ ተቆጣች። አንድ ሌሊት፣ ለማንም ሳትናገር፣ የቆጠራውን ደንብ ለወጠች። ሲነጋ አያ ጅቦ ከአንደኛነቱ ወርዶ ሁለተኛ ሆነ። ዱካ ገዝቶ የማያውቀው አያ ኤሊ አርባኛ ሆኖ ተገኘ። ምን አጠፋሁ ሊላት ግራሩ ሥር ሦስት ቀን ቆመ፤ ወፏ ግን ቅርንጫፍ እንጂ ደጅ የላትም። ደጅ ያለው አያ ቀበሮ ነው።

"አያ ኤሊ፣ የወፏን ልብ የማውቀው እኔ ነኝ። በአንድ ፍየል አስረዳሃለሁ" አለው።

ፍየሉን ተቀብሎ በላና፣ አፉን ጠርጎ፣ "ጥሩ ውሃ ይኑርህ፤ ደግሞም ታገሥ" አለው።

በሚቀጥለው በጋ ወፏ ከባለኤላዎች ሰም መቀበል ጀመረች። ሰም ያኖረላት አስቀድሞ ይጠራል። እንዳትታማ ብላ፣ ሰሙን የበላችለትን ስም ከመጥራቷ በፊት ረዘም ያለ ፉጨት ታሰማ ነበር፣ ሁሉም እንዲለየው። ፉጨቱ ከዝናብ ዝናብ አጠረ፣ ቀጠነ፤ በኋላ የሌሊት ወፍ ብቻ የሚሰማው ሆነ። አያ ጅቦም ሰም ተሸክሞ መጥቶ "የኤሊ ኤላ ወዴት ነው ለሚልሽ ሁሉ በፊት የእኔን አሳዪ" አላት። አሳየች። ከዚያ ወዲህ አያ ኤሊ በገዛ ስሙ ለመጠራት ሰም ይገፈግፍ ጀመር።

ሌላም ነገር ነበር። ማር መሪ የምትፈለፈለው በሌላ ወፍ ጎጆ ነው፤ ይህቺ ደግሞ የተፈለፈለችው ባሕር ማዶ ባለ ጎጆ ነበርና ጆሮዋ ለዚያ አገር ጥሪ ነው የተከፈተው። ግመል "ቢሻን! ቢሻን!"፣ ውሃ ውሃ፣ እያለ ቢጮህ ዝም፤ ስትሰማም ወደ ቋጥኝ ትመራዋለች። ሁለት ወንድማማች በሬዎች አሸዋ ላይ ቢጽፉላት፣ አንዱ "ውሃ" አንዱ "ውኃ" ብሎ ስለጻፈ ወደ ሁለት አገር ላከቻቸው፤ እስካሁን አልተገናኙም። በዚህ ምክንያት ጥጆቹ ከእናታቸው ጥሪ በፊት የባሕር ማዶውን ጥሪ መልመድ ያዙ። ባለኤላዎችም የኤላቸውን ስም በዚያው ቋንቋ ለወጡ።

ከዕለታት አንድ ቀን ወፏ እንስሳቱን ሰብስባ "ለምን ትደክማላችሁ?" አለቻቸው። "ከሁሉም ኤላ ጠጥቻለሁ። እዚሁ ጥላው ሥር ተኙ፤ አፋችሁን ክፈቱ፤ እኔ አንጠባጥብላችኋለሁ።"

ደስ አላቸው። የማን ውሃ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ወፏም ከአሥር ኤላ የቀዳችውን በምንቃሯ እያቀላቀለች በየምላሱ ታንጠባጥባለች። ወደ ኤላ የሚወርድ ጠፋ፤ ደለል የሚዝቅም ጠፋ። አባ ሄረጋው፣ ተራ የሚያስይዘው፣ ተራ የሚይዝ ቢያጣ ዱላውን ይዞ ወደ ያቤሎ ተሰደደ። አያ ቀበሮ ብቻ ጆንያውን አራግፎ እንደገና ዘረጋው፦ "ዱካ ሞቷል! ወፏ ስታንጠባጥብ ስማችሁን እንድታነሳ የማደርግ እኔ ነኝ! ዋጋው ሁለት ፍየል።"

በዚያ ሰሞን አንድ አህያ ሆዱን ቆረጠውና "እመት ማር መሪ፣ ምን ልጠጣ?" አላት። "ኤል ሶድ ወርደህ ጥቁሩን ውሃ እስክትጠግብ ጠጣ" አለችው። ይህ ቃል ከብዙ ዘመን በፊት እመት ጦጣ አህዮችን ለማሳቅ የተናገረችው ነበር፤ ወፏ ጨዋታውን ከቁም ነገሩ ሳትለይ ውጣው ኖሯል። አህያው ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ የጨው ሐይቅ ጉድጓድ ጨው ተሸክሞ ሲወጣ የኖረ ነው። የውሃውን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ቢሆንም ወፏ ብላለችና ወርዶ ጠጣ።

ወንድሞቹ ሊከሷት መጡ። "ከተናገርኩ በኋላ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ 'ልሳሳት እችላለሁና አጣሩ' ብያለሁ" አለች። የሌሊት ወፍ መሰከረላት።

ነገሩ እንደ ቦረናዎቹ ጉባኤ እንደ ጉሚ ጋዮ በ8 ዓመት አንዴ ወደሚቀመጠው የእንስሳት ጉባኤ ደረሰ። ጉባኤው ሲመረምር፣ ወፏ ለየበረቱ በር ጠባቂ ውሾች ሰም በጆንያ ስትልክ ኖራ ተገኘች፤ ጎህ ሲቀድ ከእሷ ሌላ ወፍ እንዳይጠሩ። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛ ናት አሉ። ቅርንጫፏ ይቆረጥ ያሉ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ሜዳው ላይ ገና አዳዲስ ወፎች እየመጡ ነውና ይቆይ አሉ። ብዙ ተከራክረው እንዲህ ፈረዱ፦ ቅርንጫፏ አይቆረጥም። ከቆጠረችው ዱካ ጥቂቱን ለሌሎች ወፎች ታሳይ። ለውሾቹ ሰም መስጠቱንም አትከልከል፤ "ከእኔ ሌላ አትጥሩ" ማለቷ ግን ይቅር። ውሾቹ ፍርዱን በጭብጨባ ተቀበሉት።

አዳዲሶቹ ወፎችም መጡ። ወደ ኤላ የሚመራ ግን ከመካከላቸው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያንጠባጥቡ ነበሩ። ኤላዎቹ በደለል ሲደፈኑ ወፏ ከእነሱ ምንቃር መቅዳት ጀመረች፤ እነሱም ከእሷ። ጥላው ሥር የተኙት ግን ጠብታው ከቀድሞው ይበልጥ ጣፍጧል ይላሉ።

የአያ ኤሊ ኤላ ዛሬም ውሃ አለው። ደለሉ ሁለት ሰው ቁመት ደርሷል፤ አያ ኤሊ በእግሩ እየጫረ ነው። ከዱብሉቅ ወደ ሜጋ ሲመጡ ከመንገዱ በስተግራ ነው። የሚመጣ ካለ አካፋና ኦኮሌ ይዞ ይምጣ፤ መንገዱ ቢጠፋው የሚያገኘውን እረኛ ይጠይቅ።