ጢስ በነጥብ ሲመዘን፦ አጭር ጥናት

ጢስን ማየት ቀላል ነው፤ ማሽተትም አያስቸግርም። መመዘን ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሙያው ዋነኛ መንበር በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መታተም የጀመረው ሲጋር አፊሲዮናዶ የተባለው መጽሔት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሲጋር ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። ቀማሾቹ የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ እንዳያውቁ የሲጋሩ ቀለበት ወልቆ በቁጥር ይተካል፤ ልክ እንደ ማትሪክ ወረቀት። ከ70 በታች ያመጣውን መጽሔቱ ገንዘባችሁን አታባክኑበት ይላል። እኛ ሰፈር 69 ላመጣ ልጅ ዶሮ ይታረድለታል።

ነጥቡ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው፤ 15 ለመልክና ለአሠራር፣ 25 ለጣዕም፣ 25 ለአነዳድና ለአሳሳብ፣ ቀሪው 35 ለአጠቃላይ ስሜት። ቀማሹ ምክንያቱን እንዲያስረዳ የማይገደድበት ክፍል ትልቁን ድርሻ መያዙ ከሳይንሳዊ ጥንቃቄ የመነጨ እንደሆነ እናምናለን።

ለጥናታችን የመረጥነው ሮቡስቶ የተባለውን የኩባ ሲጋር ነው። ርዝመቱ አምስት ኢንች ገደማ፣ ውፍረቱ 50 ነው። 50 ማለት ሃምሳ ስልሳ አራተኛ ኢንች ማለት ነው፤ ለምን በስልሳ አራት እንደተካፈለ ባለሙያ ፊት አይጠየቅም። ከተክሉ ጫፍ የሚቀነጠሰው ሊሄሮ የተባለው ቅጠል ኃይለኛና ቀስ ብሎ የሚነድ ስለሆነ መሀል ይገባል፤ ከግርጌ የሚለቀመው ቮላዶ ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። ሲጋር ጠቅላዮቹ ሲሠሩ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልቦለድ የሚያነብላቸው ሰው አለ፤ ይህ ልማድ ሐቫና ውስጥ ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋርም ስሙን ያገኘው እንዲህ ሲነበብ ከተወደደው ከደራሲው ዱማ ልቦለድ ነው።

ቅጠሉ ይህን ሁሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያዳምጥ ውሎ በመጨረሻ ሲነድ የሚሰጠው ምንድን ነው? ቀማሾች ደጋግመው የሚመዘግቡት ቆዳ፣ አፈር፣ እንጨት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቡና፣ ካካዎ፣ አልፎ አልፎም በረት ነው። በረት፣ አዎ። ከከብት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደገ የደጋ ልጅ ይህን ጣዕም በነፃ አጣጥሞታል፤ ከመቶ ስንት እንደሚሰጠው ጠይቆት የሚያውቅ ግን የለም።

ሙሉው ጣዕም የሚገኘው ጢሱን ወደ ሳንባ ሳያወርዱ አፍ ውስጥ አቆይቶ ጥቂቱን በአፍንጫ በማስወጣት ነው። በአጤ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትንባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ይነገራል። የዛሬ ሲጋር ቀማሽ ያን ጊዜ ችሎት ቢቀርብ ዳኛው የቱን እንደሚያስቀድም ግራ ይገባው ነበር፤ ሙያው ሁለቱንም ይፈልጋል።

አመድ ለብቻው ምዕራፍ ይገባዋል። በወጉ የተጠቀለለ ሲጋር አመዱን ቶሎ አይጥልም፤ ቀማሹም እንደ ሲጋራ አጫሽ በየደቂቃው አያራግፈውም። አመዱ አንድ ኢንች ሲሞላ ወሬ ይቋረጣል። ባለቤቱ ክንዱን ሳያነቃንቅ መተርኮሻውን በዓይኑ ብቻ ይፈልጋል፤ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሳል ያለበት ጓደኛ ራቅ እንዲል በግንባር ይጠቆማል። አመዱ ሱሪ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የሱሪው ነው።

ጢሱ ሳንባ ባይደርስም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ ሐኪሞች ያረጋገጡት ነው። በነጥብ መስጫው ላይ ግን ለዚህ የተመደበ ረድፍ የለም፤ ምናልባት በአጠቃላይ ስሜት ውስጥ ተካቶ ይሆናል።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የተካሄደ አንድ ምዘናም በመዝገብ አለ። በ1962 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከኩባ ጋር ንግድን ሙሉ በሙሉ የሚያግደውን ማዕቀብ ሊፈርሙ ሲሉ፣ የፕሬስ ጸሐፊያቸውን ፒዬር ሳሊንጀርን ጠርተው እስከ ነገ ጠዋት ፔቲት ኡፕማን ከተባለው የኩባ ሲጋር 1,000 አፈላልግልኝ አሉት። ሳሊንጀር ኋላ በዚሁ መጽሔት ላይ እንደጻፈው፣ በማግስቱ 1,200 ማግኘቱን ሲነግራቸው ኬኔዲ ፈገግ ብለው መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ የማዕቀቡን ወረቀት አወጡና ፈረሙ። ለመልክ 15፣ ለጣዕም 25 የሚለውን ቅጽ አልሞሉም።