ያቺ የላብ ጠብታ

ሰሚ ጠፋ እንጂ እኔስ ያኔውኑ ተናግሬ ነበር። በ2003፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሳሎን መሀል ቆሜ «ካርቱን አለቀለት!» ብዬ ስጮህ ባለቤቴ «ቡናው ቀዘቀዘ» አለችኝ፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ይኸው ዛሬ ያ ልጅ አባት ሆኖ፣ ሴት ልጁ እዚያው ሶፋ ላይ ተጥዳ እዚያው ጉድ ላይ ታፈጣለች።

ካርቱን ድሮ ምን እንደነበረ ከእኔ ወዲያ ምስክር የለም። ሜሪላንድ የገባሁት በ1983 ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፓርኪንግ ቆሜ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋቢዬን ተከናንቤ ካርቱን ነው። «እንግሊዝኛ ከቴሌቪዥን ተማር» ስላሉኝ ቶምና ጄሪን መረጥኩ። ሁለቱም እንደማይናገሩ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ እንግሊዝኛዬም በዚያው ቀረ። ግን ምን ዓይነት ሥራ ነበር! ሐና እና ባርቤራ በ1940 ጀምረውት ሰባት ኦስካር ያገኘ። ድመቱ ደረጃ ሲወርድ ኦርኬስትራው በሙሉ አብሮት ይወርዳል። መጥበሻ ሲያርፍበት ፊቱ መጥበሻ ይሆናል። ሰው ሲመታ እንዲህ ነው!

ከዚያ በካርቱን ኔትወርክ ቲን ታይታንስ መጣ። ጀግኖቹ ከዲሲ ኮሚክስ የወጡ የአሜሪካ ልጆች ናቸው፤ መሪያቸው ሮቢን ያው የባትማን ረዳት የነበረው ነው። ፊታቸውን ሳይ ግን ደነገጥኩ። ከአፍ የቆጠቡትን ቀለም ሁሉ ዓይን ላይ ደፍተውታል። አንዱ ሲናደድ ግንባሩ ላይ የመስቀለኛ መንገድ ካርታ የሚመስል ሥር ይገተራል፤ እኔ ልጁ ደም ብዛት አለበት ብዬ ተጨንቄለት ነበር። ሲያፍሩ ደግሞ ድንገት አጥረው፣ ጭንቅላታቸው ሐብሐብ አክሎ፣ ከግንባራቸው አጠገብ አንዲት የሽንኩርት ራስ የምታህል የላብ ጠብታ ትንጠለጠላለች።

«ላቡ ከየት መጣ? ሙቀት ነው?» አልኩ።

«አፍሮ ነው አባዬ። አኒሜ ላይ፣ የጃፓን ካርቱን ላይ ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ነው።»

«ያፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል እንጂ ያልበዋል እንዴ?»

ሩጫ እንኳ ቀርቷል። ጀግናው አየር ላይ ተገትሮ ከኋላው መስመር ይሮጣል። «ፍጥነቱን ለማሳየት ነው» ይለኛል ልጄ። ቆሞ ፍጥነት! እኔ ስንት ዓመት ፓርኪንግ ስገተር ፈጣን ያለኝ ማን አለ?

ዘፈኑስ? መክፈቻውን የሚዘፍኑት ፓፊ አሚዩሚ የሚባሉ ሁለት የጃፓን ሴቶች ናቸው። አንዳንድ ቀን በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን በጃፓንኛ። እያጉረመረምኩም ቢሆን አንድ ነገር ደረስኩበት፦ በጃፓንኛ ከጀመረ የዚያን ቀኑ ክፍል የቀልድ ነው፤ ላቡም ይበረክታል። «ዛሬ ጃፓንኛ ነው፤ እኔ ወጣሁ» እያልኩ እቀመጥ ነበር።

በ2004 ደግሞ ለሁለቱ ዘፋኞች የራሳቸውን ካርቱን ሠሩላቸው፣ ሃይ ሃይ ፓፊ አሚዩሚ የሚባል። አንደኛዋ ፀጉሯ ሮዝ፣ ሁልጊዜ ፈገግታ፤ ሁለተኛዋ ሁልጊዜ ኩርፊያ። ብር ብር የሚል ሥራ አስኪያጅ ይዘው በአውቶቡስ ይዞራሉ። በየመሀሉ እውነተኞቹ ሴቶች በአካል ብቅ ይላሉ፣ ፀጉራቸው እንደ ሰው ፀጉር ሆኖ። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ድመቶች ነበሩ፤ የተጽናናሁት በእነሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያማ በሩ ተበርግዶ ቀረ። በ2005 ኒክሎዲየን አቫታርን አመጣ፤ ሁለት አሜሪካውያን የፈጠሩትን ኮሪያ አስለውት፣ አሜሪካኖቹ እስከ ዛሬ አኒሜ ነው አይደለም እያሉ ይሟገቱበታል። አሁን የልጅ ልጄ የያዘችው ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ ደግሞ በ2025 ኔትፍሊክስ ያወጣው ነው፤ ጋኔን የሚያሳድዱ ሦስት ኮሪያውያን ዘፋኞች። አንዷ መልከ መልካም ወንድ አይታ ዓይኗ የበቆሎ ራስ ሆነና ፈነዳ። ፈንዲሻ! ፈንዲሻ ለቡና ነው እንጂ ለዓይን ነው?

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለልጄ ዘረዘርኩለት። «የእኛን ካርቱን ባዕድ ወረሰው» ብዬ ደመደምኩ።

ልጄ ቡናውን ፉት አለና ይሄ ስልክ የሚሉትን ጠላቴን አወጣ። «የታይታኖቹን ዘፈን የጻፈው አንዲ ስተርመር ነው አባዬ። አሜሪካዊ ነው፤ ጄሊፊሽ የሚባል ባንድ ውስጥ ከበሮ እየመታ ይዘፍን ነበር። ለሴቶቹም ፓፊ የሚለውን ስም ያወጣላቸው እሱ ነው።» እዚህ ሲመጡ ፓፊ የሚባል ራፐር ቀድሞ ስለነበረ፣ እኛ ሁለት አበበ ሲገናኝ የአባት ስም እንደምንጨምረው፣ የየራሳቸውን ስም ጨመሩበት።

«ዓይኑስ?» አልኩት። «ያን ዓይን ማን ወለደው?»

«የአኒሜ አባት የሚባለው ኦሳሙ ቴዙካ የቤቲ ቡፕና የዲዝኒ ወዳጅ ነበር። ባምቢን ከ80 ጊዜ በላይ አይቻለሁ ይል ነበር። ትልቁን ዓይን ከእነዚህ ከአሜሪካ ካርቱኖች ወስዶ አስትሮ ቦይን ሠራ፤ በ1963 ጃፓን በታየ በዚያው ዓመት አሜሪካ ገባ።»

ልብ በሉ። አሜሪካ ያበደረችው ዓይን ከነወለዱ ተመለሰላት፤ ወለዱ ላብ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ባለቤቱ ደጅ በገዛ ዕቃው ላይ «ሌባ!» ስል ኖሬአለሁ።

«ደግሞ» አለ ልጄ፣ «የእኛ ካርቱን ስትል፣ እኛ እነማን ነን?»

አልሰማሁትም። ጆሮዬ ደግነቱ ሲፈልግ ነው የሚሰማው።

ይሄኔ የልጅ ልጄ ፊልሟን አቁማ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለን፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ እንደ አገራችን ወግ የተሣለ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ነው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው። መልአኩም በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ ቁልቁል ያየናል።

«አባባ፣ እሱም አኒሜ ነው?»

ልጄ ቡናው ትን አለው። እኔ አማተብኩና በቀስታ፣ እንደ አዋቂ፣ «አይደለም የኔ እናት። አኒሜ እኮ ላብ አለው። እስቲ እዪ፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ?» አልኳት።

መልአኩን አየች፤ ላብ የለውም። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ጣቷን ወደ ግንባሬ ቀሰረች።

«አንተ ግን አለህ።»