ውዳሴ ቁልፍ

ያለፉት ዘመናት መኳንንት በግፋቸው ሲወቀሱ መስማት የተለመደ ቢሆንም፣ ነገሩን በትዕግሥት ለሚመረምር ሰው የሚያሳዝነው ግፋቸው ሳይሆን ለግፋቸው የደከሙት ድካም ነው፤ አንድን ባላገር ከርስቱ ነቅሎ ከደጅ ለማቆም ዘበኛ መቅጠር፣ ለዘበኛውም ቀለብ መስፈር፣ ሐሰተኛ ምስክር ማፈላለግ፣ ዳኛ ማባበል፣ በመጨረሻም ባላገሩ «አቤት!» እያለ ከአጥሩ ሥር ሲጮኽ እንቅልፍ ማጣት ነበረባቸውና። በእኛ ዘመን ግን፣ ምስጋና ለጥበብ ይድረሳትና፣ ይህ ሁሉ ወጪ ቀርቷል። የአሳይታ ሰው ስሙን፣ ፎቶግራፉን፣ የወዳጆቹን ቃልና የብዙ ዓመት ትዝታውን ለፌስቡክ አደራ ሰጥቶ ማታ ይተኛል፤ ጧት ሲነሣ አካውንቱ ተቆልፏል። ከሳሽ አልቀረበም፤ ዳኛ አልተሰየመም፤ ዘበኛም አልተቀጠረም። የማኅበረሰቡን ደንብ ተላልፈሃል የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ በስልኩ መስኮት ላይ ትጠብቀዋለች። የትኛውን ደንብ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቃል እንደተላለፈ መንገር ከአስተዋይ ሕግ አውጪ የሚጠበቅ አይደለም፤ ጥፋቱን ያወቀ ሰው ሊከራከር ይችላልና።

የዚህን ሥርዓት ታላቅነት ለማድነቅ ከአውሳ ምድር የተሻለ ስፍራ አይገኝም። አሳይታ የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ፣ በኋላም የክልሉ መንግሥት ወደ ሰመራ እስኪዛወር ድረስ የአፋር ዋና ከተማ የነበረች እንደመሆኗ፣ ወሬ ሲመጣባትና ሲሄድባት የኖረች አገር ናት፤ ነገር ግን ወሬዋ የሚመላለሰው እጅግ ኋላ ቀር በሆነ መንገድ ነበር። ሁለት አፋሮች በበረሓ ቢገናኙ፣ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ እንኳ ቢሆኑ፣ ጉዟቸውን አቋርጠው ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከወዴት መጣህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት በቀለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታመመ፣ ማንስ ሞተ፣ ይህን የምትነግረኝ በዐይንህ ያየኸውን ነው ወይስ በጆሮህ የሰማኸውን፣ ከሰማኸውስ ከማን አፍ? ወሬ ያጣመመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው አያገኝም፤ ዳጉን የነፈገም ነውረኛ ይባላል። እንዲህ ያለው ልማድ ጉድለቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ይጠይቃል፣ ከሁሉ የከፋው ግን ተናጋሪው የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሳ ሰው እንደሆነ በግልጽ ስለሚታወቅ፣ ማንም ተነሥቶ «አንተ አንተ አይደለህም» ሊለው አይችልም። ሰውን ከገዛ ስሙ ለመለየት የማይችል የዜና ማሰራጫ በዚህ በሠለጠነ ዘመን እንዴት እስካሁን እንደቆየ መመርመር የሊቃውንት ፋንታ ነው።

አዲሱ ሥርዓት ሰውን የሚፈጥርበትም መንገድ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ነው። እስቲ ሰሌን ሠርታ የምትሸጥ አንዲት የአሳይታ ሴት አለች እንበል። ስልክ ትገዛና ወደ ሞባይል ቤት ትሄዳለች፤ በዚያ የተቀመጠው ልጅም ፌስቡክ ለመክፈት ኢሜይል ያስፈልጋል ይላትና፣ ኢሜይል ምን እንደሆነ ሳታውቅ የኢሜይል ባለቤት ትሆናለች። ፓስወርዱን ልጁ ራሱ ፈጥሮ በብጣሽ ወረቀት ይጽፍላታል፤ ብጣሹም ከስልኩ ካርቶን ጋር ይጣላል። ስሟንና የአባቷን ስም ትናገራለች፤ ማሽኑ የአባቷን ስም የዘር መጠሪያዋ አድርጎ ይመዘግባል፤ የአያቷንም ስም አይጠይቅም፣ ይህም በአፋር ምድር ሰውን ግማሹን ብቻ እንደማወቅ ይቆጠራል። በጳጉሜን የተወለደች ብትሆን ደግሞ የማሽኑ ባሕረ ሐሳብ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ፣ ልጁ ነገር ሳያበዛ ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላላታል፤ የተወለደችበትንም ዓመት ከቀበሌ መታወቂያዋ እንዳለ ሲገለብጠው፣ ምስኪኒቱ ከወንበሩ ሳትነሣ ከስምንት ዓመት በላይ ታረጃለች። እንዲህ ሆና የተፈጠረችው ሴት ከእውነተኛይቱ ጋር የምትመሳሰለው በጥቂቱ ቢሆንም፣ ሰሌኗን ፎቶግራፍ አንሥታ ትለጥፋለች፣ ወዳጅ ታፈራለች፣ ከሎግያና ከአዲስ አበባም ገዢ ታገኛለች።

አንድ ቀን ስልኳ ይበላሽና በሌላ ስልክ ለመግባት ትሞክራለች፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ይጠራጠራታል። እርስዋ ስለመሆኗ ማረጋገጫ ኮድ ወደ ኢሜይሏ ይልካል፤ ኢሜይሉን ለመክፈት ደግሞ ሌላ ኮድ ወደ ቀድሞው ስልክ ቁጥሯ ይላካል፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ስለቆየ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል፤ አዲሱ ባለ ቁጥርም ምናልባት በሞያሌ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሳለ ስድስት አኃዝ ያለው መልእክት ይደርሰውና፣ ከወዴት እንደመጣ እየተገረመ ያጠፋዋል። ከዚያ የንስሐው ሥርዓት ይጀምራል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት ቀትር ስልኩን ከፊቷ አንሥታ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ወደ ግራ ዙሪ፣ ቀና በዪ ትባላለች፤ ትታዘዛለችም። መታወቂያዋን ፎቶግራፍ አንሥታ ትልካለች፤ ማሽኑም በመታወቂያው ላይ ያለው ልደት ከአካውንቱ ልደት ጋር አይገጥምም ብሎ ይመልሳል፤ በዚህም እውነቱን ነው። ይግባኝ ለማለት የሚሰጣት ጊዜ 180 ቀን ሲሆን፣ ለአሳይታ ሰው ስድስት ረመዳን በተከታታይ መጾም ማለት ነው፤ ይህን ያህል የንስሐ ዘመን የሰጠ ነፍስ አባትም ሆነ ሼኽ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

የዚህ ሥርዓት ፍትሕ ሙሉ ብርሃኑን የሚገልጠው ግን ሌባ በመጣ ጊዜ ነው። ሌባው ኮዱን በሽንገላ ተቀብሎ ከገባ በኋላ የስልክ ቁጥሩን ወደ ራሱ ቁጥር ይለውጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሕጋዊው ባለቤት እርሱ ነው፤ ኮድ ሲጠየቅ ኮድ ያቀርባል፣ ቁጥር ሲጠየቅ ቁጥር ይሰጣል፣ በአንዳች ጉድለት አይገኝም። ባለቤቲቱ ግን እናቷ፣ ጎረቤቶቿና መላው ገበያ የሚመሰክሩላት ብትሆን እንኳ ኮድ የላትም፤ ስለዚህ በማሽኑ ፊት አጭበርባሪዋ እርስዋ ናት። ሌባውም በስሟ ተቀምጦ «ቸግሮኛልና በቴሌብር ብር ላኩልኝ» እያለ ዘመዶቿን ይለምናል፤ ዘመዶቿም፣ የደግነታቸው ብዛት፣ ይልካሉ። ይህ ሲሆን «የተዘጋ አካውንት በአንድ ቀን እናስመልሳለን» የሚሉ ደላሎች በቴሌግራም ብቅ ይላሉ፤ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበሉና ጠያቂዋን ራሷን ያግዷታል፤ ሥርዓቱን ከማሽኑ የተማሩ ጎበዝ ደቀ መዛሙርት ስለሆኑ ልናመሰግናቸው ይገባል።

የራሳችንንም ሕዝብ ድርሻ ብንሰውር ግፍ ይሆንብናል። ቃሉ ያልጣመንን ሰው አካውንት ለማዘጋት «ሁላችሁም ሪፖርት አድርጉት» ብለን የምንዘምተው ዘመቻ፣ ቀድሞ ለደቦ የምናወጣውን ጉልበት በሌላ መስክ እንዳልተውነው ያስረዳል። መንግሥትም በበኩሉ ጥበቡን ለመቅሰም ሞክሯል፤ በ2015 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ጉዳይ በታወከበት ወቅት በየካቲት ወር ፌስቡክን፣ ቲክቶክንና ቴሌግራምን ዘግቶ እስከ ሐምሌ አቆያቸው። ይሁን እንጂ ሥራው የጀማሪ ሥራ ነበረ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ስለዘጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቪፒኤን መጠቀም ተማረ፤ ማን እንደዘጋውም ሁሉም ስላወቀ የሚያማው አላጣም። ሰውን አንድ በአንድ፣ በየቤቱ፣ ያለ ጩኸትና ያለ ተጠያቂ መዝጋት የተሳካለት የፌስቡክ ኩባንያ ብቻ ነው።

አባቶቻችን ስለ ውግዘት የጻፉትን ላነበበ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል። ወንጌል በደለኛውን አስቀድሞ ብቻውን እንዲመክሩት፣ ባይሰማ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይዘው እንዲመለሱበት፣ ለጉባኤው የሚነገረውም ከዚያ በኋላ እንዲሆን ያዝዛል፤ ያወገዘው ካህን በስሙ ይታወቃል፣ የማሰር ሥልጣን ያለውም የመፍታት ሥልጣን አለው። ይህ ሁሉ እንግዲህ ከንቱ ውጣ ውረድ ሆነ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እንኳ ፍርድ የተጓደለበት ባላገር ከወረዳ እስከ ዙፋን ችሎት በእግሩ ተጉዞ፣ ወራትን ደጅ ጠንቶ፣ ከንጉሡ መኪና ፊት ተጋርጦ «ጃንሆይ!» ይል ነበር፤ ሰሚ ማግኘቱ ቢያጠራጥርም የሚጮኽበት ደጅ ግን አይታጣም ነበር። በወር ከ3 ቢሊዮን በላይ ሰው የሚመላለስበት ቤት ግን የሚንኳኳ ደጅ የለውም። ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ይህን ሁሉ በረሓ ያቋርጥና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ጨው ውስጥ የሚቀረው አዋሽ፣ ከአሳይታ የሚላክ አቤቱታ ወዴት እንደሚደርስ ለመረዳት የሚበቃ ምሳሌ ነው። ኩባንያው ያቆመው የበላይ ቦርድ አለ የሚሉም አሉ፤ አለ፤ ከሚጎርፍለት ይግባኝ ጥቂቱን መርጦ ይመለከታል፤ የሰሌን ሻጭ ጉዳይ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ በአሳይታ ዳጉ በተሰማ ነበር።

ለማንም እንደማያዳላ ግን ኩባንያው ራሱ ምስክር ሆኗል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በውስጥ ጥገና በተሠራ ስሕተት ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም መረብ ተሰውረው በዋሉ ጊዜ፣ የኩባንያው ሠራተኞች እንኳ የመግቢያ ካርዳቸው በር አልከፍት ብሏቸው ከገዛ መሥሪያ ቤታቸው ደጅ ቆሙ። እርግጥ ለእነርሱ 180 ቀን አልተቆረጠባቸውም፤ ፊታቸውንም ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲያዞሩ የጠየቃቸው ስለመኖሩ አልተጻፈም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው ጥላቻ የሚያነሣሡ ጽሑፎች በፌስቡክ ተለጥፈው እንደነበርና፣ እንዲነሡ አቤት ብሎ በጊዜው መልስ እንዳላገኘ ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ ላይ አስፍሯል። ጽሑፎቹን የለጠፈው ሰው ልደቱ ከመታወቂያው ጋር ይገጥም ኖሮ ይሆናል። የጳጉሜንን ሕፃን ከሩቅ ለይቶ የሚይዘው ዐይን፣ የሰውን ሞት የሚጠራውን ቃል ለማንበብ ጊዜ አጣ። በዚያው ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት በአፋር ምድር ላይ ሲነድ፣ ኩባንያው ጽሑፍ እመረምርባቸዋለሁ ያላቸውን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲዘረዝር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛን ቆጠረ፤ አፋርኛ በቁጥሩ ውስጥ አልገባም። በአፋርኛ የሚጻፍ ቃል ለኩባንያው እንዳልተጻፈ ነው፤ በአፋርኛ የሚጻፍ አቤቱታም እንደዚሁ።

በናይሮቢ ክርክር የኩባንያው ጠበቆች ያነሡት መቃወሚያ የሥርዓቱ ሁሉ ዘውድ ነበረ፤ ኩባንያው በኬንያ ስላልተመዘገበ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘው አይችልም አሉ። የሚሊዮኖችን ፊት በቀኝና በግራ የሚመረምር አካል፣ የእርሱ ፊት ሲጠየቅ በዚህ አገር የለሁም አለ። ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። እኔ በበኩሌ የተከበሩት ዳኞች ነገሩን ባልተሟላ ማስረጃ እንደተቀበሉት ይሰማኛል። ኩባንያው ሁለተኛ በቀረበ ጊዜ፣ ጠበቃው አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ ኩባንያው ኩባንያው ስለመሆኑ ያረጋግጥ፤ የሚያረጋግጥበት ኮድ በሞያሌ ሻይ ለሚጠጣው ሰው ቁጥር ይላክለት፤ መታወቂያውን ያቅርብ፣ በመታወቂያውም ላይ ያለው ልደት ከጳጉሜን ውጭ ከሆነ አይገጥምም ተብሎ ይመለስለት፤ ይግባኝ ቢል 180 ቀን ይቈጠርለት። ውሳኔው ሲወጣም በአፋርኛ ተጽፎ ይድረሰው፤ ይተርጐምልኝ ያለ እንደሆነ ግን ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምር።