እንኳን ማርያም ማረችዎ

እባብ የሚያረባ አሜሪካዊ፣ ዘንዶዋ እንቁላል የጣለች ዕለት አራሱ እሱ ነው። ከሥራ ይቀራል፣ ግብዣ አይሄድም፣ ሌሊት እየተነሣ ሙቀት ይለካል። እሷማ ምን አለባት? ጥላ መገላገል ብቻ! ስለዚህ በእኛ ደንብ ደስታዬን ልግለጽ፦ ጌታው፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ገንፎው እየተገነፋ ነው።

መቼም ያለ እርስዎ ይህች ፍጥረት ምን ይውጣት ነበር! ስትፈራ እንደ ኳስ የምትጠቀለለው፣ ቦል ፓይተን የሚሏት ዘንዶ፣ በአገሯ በጋና በቶጎ ሌላ አውሬ በማሰው ጉድጓድ ገብታ ስድስት ሰባት እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ዙሪያውን ተጠምጥማ፣ ምግብ ሳትቀምስ፣ ሁለት ወር ያህል ታቅፋ ትቀመጣለች። ቴርሞሜትር የላት፣ ቴርሞስታት የላት፣ የባለሙያ ቪዲዮ አላየች። በእንዲህ ያለ ኋላ ቀር አሠራር ዘሯ እስከ ዛሬ አለመጥፋቱ ይገርማል። በቤኒኗ ኡዊዳ ከተማ ቤተ መቅደስ እንኳ አላት። የእርስዎ አክብሮት ግን ይበልጣል፤ ልክክ የምትልበት የፕላስቲክ መሳቢያ ሰጥተዋታል።

እንቁላሎቹን ከሥሯ የሚወስዱበት ጥበብማ ለብቻው ይወደስ። ጥምጥሟን ቀስ ብለው ይፈታሉ። እርስ በርስ የተጣበቁትን እንቁላሎች እንዳሉ ያነሣሉ። እንደ ዶሮ እንቁላል ቢያገላብጧቸው ጽንሱ ሊሞት ስለሚችል፣ ላይኛው ወገን እንዳይጠፋብዎ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። እስከዚህ ድረስ ጥንቃቄ ነው እንበል። ቀጥለው ግን እናቲቱን ያጥቧታል። አዎ፣ ያጥቧታል፤ ምንጣፏንም ይለውጡላታል። የእንቁላሎቹ ሽታ ከላይዋ ካልለቀቀ ባዶውን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ አይጥ ቢጥሉላትም ዞር ብላ አታይም። ካልበላች አትወፍርም፤ ካልወፈረች ለከርሞ አትጥልም። እናትነትን በለብታ ውሃ አጥቦ ማስለቀቅ! ይህን የገነቱ እባብ እንኳ አላሰበውም።

ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎ ምጥ የሚጀምረው። መፈልፈያው ሣጥን ሙቀቱ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ መሆን አለበት። ክዳኑ ላይ ጤዛ ሲቋጥር ጭንቀት፣ ቅርፊቱ ስርጉድ ሲል ጭንቀት፣ መብራት ሲጠፋ ለቅሶ። ጨለማ ውስጥ ባትሪ አብርተው እንቁላሉን ሲያዩት ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ እልል ይባላል። እናትየው ይህን ሁሉ በሰውነቷ ጥምጥም ትሠራው ነበር፤ ነገር ግን ደረሰኝ አትቆርጥም፣ ደረሰኝ የሌለው ነገር ደግሞ ሳይንስ አይባልም።

በ55ኛው ቀን ገደማ ትዕግሥት ያልቃል። ግልገሉ በአፉ ጫፍ ባለች ትንሽ ጥርስ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ራሱ መውጣት ያውቅበታል፤ ከሰነጠቀም በኋላ አስኳሉን ጨርሶ እስኪመጥጥ አንድ ሁለት ቀን ራሱን ብቻ ብቅ እያደረገ ይቆያል። ጌታው ግን አይጠብቁም። አንዱ ብቅ ካለ የቀሩትን በትንሽ መቀስ ይሰነጥቃሉ። ሕይወት ለማዳን እንዳይመስልዎ፤ ቀለም ለማየት ነው!

ነገሩ ሁሉ የቀለም ነገር ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው አልቢኖ ቦል ፓይተን ከተራባ ወዲህ ሰዉ ቀለም ሲያዳቅል ይኖራል። ከሁሉ የማደንቀው ‹ስፓይደር› የሚሉትን ነው። ገላው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ጥለት አለው፤ ከጥለቱ ጋር ደግሞ የውስጠኛ ጆሮ ጉድለት አብሮ ይወረሳል። ስለዚህ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ የባሰበት አንገቱን ጠምዝዞ አገጩን ወደ ላይ ይገለብጣል፤ አይጧን ሊነክስ ሲወረወር አየሩን ነክሶ ይመለሳል። ጥለቱን አስቀርቶ ሕመሙን ማስወገድ አልተቻለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ሻጩን ሲጠይቁት «በደንብ ይበላል፣ በደንብ ይራባል» ይልዎታል። የጤና ምስክር ወረቀት ማለት ይኸው ነው።

ተራው ቡናማ ግልገልስ? እሱ የአፍሪካ ጫካ ያሰናዳው መልክ ብቻ ስላለው ጠያቂ የለውም። ለእንቁላሉ ቴርሞስታት የገዛ ሰው፣ ለግልገሉ ዕድሜ ልክ የሚበቃ አይጥ ገዝቶ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ስኬት የሚቆጠረው እስከ መቀሱ ድረስ ነው። ይህች ዘንዶ በቤት ውስጥ 20 እና 30 ዓመት ትኖራለች። በሴንት ሉዊስ የአራዊት ማቆያ አንዷማ እ.ኤ.አ. በ1961 ገብታ በ2020 ገና እንቁላል ስትጥል ነበር፤ ያውም ለዓመታት ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ፣ ሰባት።

እንግዲህ ጌታው ዕድሜ ይስጥዎትና፣ ስድስቱን ግልገሎች የትኛው ልጅዎ እንደሚረከባቸው ኑዛዜዎ ላይ አስፍረዋል? ካላሰፈሩም አይጨነቁ፤ ማስታወቂያ አለ፦ «ሰው የለመደች፣ በደንብ የምትበላ ዘንዶ፤ ቤት ስለቀየርን በነጻ፤ ከነመሳቢያዋ።»